አንድ ገጽ

"ካንድ ገጽ አይብለጥ" አሉኝ የዕድሩ ዳኛ፣
"ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ ጠቅለል አርገው፣ ደግሞ ሕዝቡን አታስተኛ።"
እስክሪብቶ ይዤ፣ ከድንኳኑ ጓሮ፣
ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩና ጀመርኩ፦ "ወይዘሮ
ዘርፈሽዋል ካሣዬ፣ በ..." ቆምኩኝ። ዓመቱን ማን ያውቃል?
አንዴ ስጠይቃቸው፣ "ወንዙ የብረቱን ድልድይ የነቀለ ለት"፣
ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ "ጤፉን አንበጣ ሙልጭ ያረገው ዓመት"።
ቦታውን ባዶ ተውኩት፤ ኋላ ይሞላል።

ቀጠልኩ፦ "በአቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በትጋት ሠርተዋል።"
እንዲህ ነው የሚባል።
ግን ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው፣
ነጠላቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ሌላ ነጠላ ደርበው፣
ቤት ሳይገቡ ኪዳን መድረሳቸው፣
በሴቶች በር በኩል፣ ግንቡን ተደግፈው ማንቀላፋታቸው፣
ያ በየትኛው መስመር ይገባል?
"ማርያም አትቆጣም" ይሉ ነበር። "እሷም ልጅ አሳድጋለች።"

ማሽኑ ጆሯቸውን በላው።
በሹክሹክታ የጸለዩ እየመሰላቸው
ደብሩ በሙሉ ይሰማ ነበር ምሥጢራቸውን፦
የንጋቷን የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የዳምጠውን መጠጣት፣
የኔንም፣ የጎረቤት ልጅ፣ የማትሪክ ውጤት።
ዲያቆናቱ ሳቃቸው እያመለጣቸው
"እትዬ ዘርፌ፣ ቀስ!" ሲሏቸው፣
"ቀስ ብዬ'ኮ ነው!" ይላሉ፣ ጮኸው።

ዕጣው ወጣ። ንጋቷ ቱሉ ዲምቱ ወሰደቻቸው፣ አራተኛ ፎቅ።
በሦስተኛው ቀን ጥላቸውን ይዘው ተመለሱ፦
"ስሰግድ የምስመው የሰው ጣሪያ ነው። መሬቱስ?"

ባላቸው ጋሽ ወልደየስ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበሩ።
ባቡሩ ከቆመም በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሲል፣
ቀይዋን ጨርቅ ይዘው ከደጅ ይቆማሉ።
እትዬ ዘርፌ ምንም አላሏቸውም።
ወንበር ያወጡላቸዋል፤
ሲመሽ ያስገባሉ።
አንድ ክረምት ወንበሩ ሳይወጣ ቀረ።

"ልጆች፦" ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ እጄ ተሳሰረ።
አራት ብል፣ ሽመልስ ይታዘበኛል፤
አምስት ብል፣ "አምስተኛው የታል?" ይለኛል
የማያውቅ ለቀስተኛ።
ላምባ ሊገዛ ወጥቶ ባፈሳ የተወሰደው፣
ባዶ ጠርሙሱን ጎረቤት አንስቶ የመለሰው።
ሠላሳ ምናምን ዓመት፣ ስም ለጸሎት ሲሰጥ፣
"ወልደ ሰንበት" ይላሉ፤ በሕያዋን ተራ።
ቄሱ ወደ ሙታን ላሻግረው ቢሏቸው፣
"አጥንቱን ሳያሳዩኝ? እሱን መግደል አይደለም፣ አባ፣ የርስዎ ሥራ!"
ይህንንም ደብሩ ሰምቷል።

ባለፈው ፍልሰታ ግን፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣
ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው ወደ ቄሱ ቀረቡ።
የነጠላቸውን ጫፍ በአፋቸው ላይ ይዘው
አንዲት ነገር አሉ።
እኔ፣ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ አልሰማሁም።
ዲያቆናቱ አልሰሙም።
በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ
ቀስ ብለው ተናገሩ።
ቄሱ የስሙን ወረቀት ገልብጠው
በጀርባው ጻፉ።

እኔ ይህን አልጻፍኩም። "አምስት" አልኩ፤ አራት ነጥብ።

ፍትሐቱ ላይ "ወለተ ጻድቅ" ሲባል
ግማሹ ሰው "ማናት?" ተባባለ።
ተራዬ ደረሰ። ማይኩ ጢጥ አለና ጠፋ።
ወረቀቴ በላቤ ርሷል፤
ገጹም አልሞላ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ለሐዘን እንደሚገባ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣
"ወይዘሮ ዘርፈሽዋል..." አልኩኝ።
ከቅጽሩ በር፣ ከወዲያ፣
አርባ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተጎራበቷቸው እትዬ ዘምዘም
ሻሻቸውን ከአፋቸው አውርደው
"ጮክ በል እንጂ፣ አንተ!" አሉኝ።
"አትሰማህም።"